ግድግዳውን አልሰጥም ያለችው ኦርፌሊና

ኦርፌሊና ማንሲያ የቤተ ጸሎቱን ቁልፍ በክር አንገቷ ላይ አስራ፣ ከሹራቧ ሥር ደብቃ መዋል ከጀመረች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ቁልፉ የእሷ አይደለም። የቤተ ጸሎቱ አለቃ ሬምበርቶ ኦያርሶ ለጽዳት ብሎ የሰጣት ነው፤ አምጪ ሲላት ግን አላመጣም አለች። ከማዘጋጃ ቤት ሰዎች መጥተው የሙታኑን ፎቶግራፎች ከግድግዳው ሊያወርዱ መሆኑን ሰምታለች። እነሱን የሚያወርድ አስቀድሞ እኔን ከደጃፉ ያንሳ ብላ፣ ዱካዋን አውጥታ በሩ ላይ ተቀመጠች። ሰባ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን ያማታል፤ ዝናቡም አላባራም። ፑንታ ሎቦ ላይ ዝናብ እስኪያባራ የሚጠብቅ ሰው ምንም ሳይሠራ ይሞታል።

ሰዎቹ መጡ፣ ተቀምጣ አዩዋት፣ እንዴት ዋሉ ብለው ተመለሱ።

ግድግዳው ላይ ሰባ አንድ ፊቶች አሉ። ሁሉም ባሕር ወስዶ ያልመለሳቸው ናቸው። ሬሳው የተገኘ ሰው እንደ ማንም ኮረብታው ላይ ይቀበራል። ላልተገኘው ግን ዘጠኝ ቀን ይጸለይለታል፤ በዘጠነኛው ቀን ልብሱና ቦት ጫማው በሳጥን ሆኖ ይቀበራል፤ ከዚያ ሰዉ ሁሉ ከኮረብታው ወርዶ ፎቶግራፉን ግድግዳው ላይ ይሰቅላል። ፎቶግራፉ እስኪሰቀል ድረስ ሚስቱ መበለት አትባልም፣ እናቱም ጥቁር አትለብስም። እንግዲህ በዚያች የቺሎዬ ደሴት መንደር ሰው የሚሞተው ውኃ ውስጥ ሳይሆን ወረቀት ላይ ሲወጣ ነው ማለት ነው። ከሰባ አንዱ ሃምሳ ስምንቱን ያወጣቻቸው ኦርፌሊና ናት።

ሙያውን የያዘችው በአሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ያኔ ዶን ኤቫሪስቶ የሚባል ፎቶ አንሺ በጀልባ ከመንደር መንደር እየዞረ የመታወቂያ፣ የክርስትናና የሠርግ ፎቶ ያነሣ ነበር። እርጥበቱ ሳንባውን ሲበላው ፑንታ ሎቦ ላይ ቀረ። ከኦርፌሊና እናት የድንች ጓዳ ተከራይቶ መስኮቷን በጆንያ ደፈነ። ልጅቷ ሾርባ ልታቀብለው ስትገባ፣ ሳፋ ውስጥ የተኛ ነጭ ወረቀት ከቀይ አምፖሉ ሥር ቀስ በቀስ የአጎቷን ጢም ሲያበቅል አየች። ከዚያ ወዲያ ከጓዳው የሚያወጣት አልተገኘም። ሽማግሌው ሲሞት ማጉያውን፣ ሳፋዎቹንና አንድ ምክር ተወላት። ፊት የሚሠራው ብርሃኑ አይደለም፣ ብርሃኑን የሚከለክለው እጅ ነው የሚል ምክር።

ነገሩ ቅኔ ይመስላል እንጂ የሥራው ጠባይ ነው። ማጉያው ብርሃኑን በፊልሙ አሳልፎ ወረቀቱ ላይ ሲጥል፣ ብዙ ብርሃን የጠጣ ቦታ ይጠቁራል። ጉንጩ እንዳይከስል የፈለገች ፎቶ አጣቢ እጇን በመካከል ታገባለች፣ ጣቶቿን እያወዛወዘች ጥላዋን ፊቱ ላይ ለጥቂት ቅጽበት ታሳርፋለች። ከሃምሳ ስምንቱ ፊቶች የኦርፌሊና የእጅ ጥላ ያላረፈበት የለም። ከአንድ ፊልም ሁለት ጊዜ ብታጥብ እንኳ ሁለቱ አንድ አይሆኑም፤ እጅ የሠራውን አይደግምምና።

አንድ ስሕተት ግን ሠርታለች፤ የሠራችውም በገዛ ባሏ ላይ ነው።

አቤላርዶ የጠፋው ከአርባ ሦስት ዓመት በፊት ነው። የነበራት ፎቶ አንድ ብቻ ነው፤ ራሷ ያነሣችው፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ከጀልባው አፍንጫ ላይ ቆሞ፣ ሰፊ ባርኔጣ አድርጎ። በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ፊልሙን ሳታስተውል ማጉያው ውስጥ ገልብጣ አስገባችው። ፎቶው ሊሰቀል ሲል አማቷ ቀረብ ብለው አዩትና ከምስማሩ አወረዱት።

«ይኼ ልጄ አይደለም» አሉ። «የልጄ ጠባሳ በግራ አገጩ ነው። ይኼ መስታወት ውስጥ ያለው ሰውዬ ነው፤ እኔ ደግሞ መስታወት አልወለድኩም።»

ቀባሪው ሁሉ እንደቆመ ኦርፌሊና ወደ ጓዳዋ ሮጠች፤ ፊልሙን አስተካክላ ሌላ አጠበችና እርጥቡን በሁለት ጣቷ ይዛ ተመለሰች። ተሰቀለ። በዚህኛውም ላይ ግን ከባርኔጣው በታች፣ ዓይኖቹ ካሉበት፣ ጥቁር ጥላ ብቻ ነበር። ፊልሙ ላይ የለም አለች፤ ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች አለች። የተከራከራት አልነበረም። ፊልሙን ፖስታ ውስጥ አሽጋ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው፤ ከዚያ ወዲህ አውጥታው አታውቅም።

ከስሕተቷ ግን ልማድ አወጣች። የማንንም ሟች ፎቶ ከማጠቧ በፊት እናቱን አስቀምጣ ትጠይቃለች። ኮት የለበሰን ሰው ፎቶው ቢገለበጥ የኮቱ ቁልፍ ያጋልጠዋል፣ በየት በኩል እንደሚቆለፍ ይታወቃል። ዓሣ አጥማጅ ግን ሹራብ ለባሽ ነው፤ ሹራብ ደግሞ ግራና ቀኝ የለውም። ስለዚህ ፀጉሩን የሚከፍለው በየት ነበር? የተሸረፈው ጥርሱ የቱ ነው? ሲስቅ ቀድሞ የሚጠብበው የቱ ዓይኑ ነው? ዘመኑ ተለውጦ እናቶች ስልክ ይዘው ሲመጡም ጥያቄው አልቀረም። ልጆቹ ራሳቸውን በስልክ ሲያነሡ ስልኩ እንደ መስታወት ግራቸውን ቀኝ አድርጎ ያስቀራቸዋል። ይህን ያስተዋለ ከእናቶቹና ከእሷ በቀር አልነበረም። ስልኩን አስደግፋ በፊልም ታነሣዋለች፤ እናትየዋ የተገለበጠ ነው ካለቻት ገልብጣ ታጥበዋለች። ሥራ የፈታች ይሏታል። እሷም ሥራ ብፈታማ ደስ ባለኝ፣ ባሕሩን ንገሩት ትላለች።

ግድግዳውን ሊያወርድ የተነሣው ጠላት ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለ። የተነሣው ግን የወንድሟ ልጅ ኤላዲዮ ነው፤ የማዘጋጃ ቤቱ የባህል ክፍል ኃላፊ፣ አርባ ዓመት የሞላው፣ መነጽራም፣ ደግ ሰው። ያለውም ውሸት አልነበረም። እንጨቱ እየበሰበሰ ነው፤ ሻጋታ የሦስቱን ፊት እስከ ጆሯቸው በልቶታል። የእሱ ሐሳብ ፎቶግራፎቹ በማሽን እንዲቀዱ፣ ወረቀቶቹ ከተማ ወርደው ደረቅ ክፍል እንዲቀመጡ፣ በቦታቸው የበር ያህል ስክሪን እንዲቆም ነው። ፊቶቹ በየተራ፣ ፏ ብለው ይታዩበታል።

በአራተኛው ቀን ብቻውን መጥቶ ከደረጃው ላይ አጠገቧ ተቀመጠ።

«አክስቴ፣ የድንች ቂጣ ይዤልዎት መጣሁ። ትኩስ ነው።»

«ለጉቦ ከሆነ ቅባቱ አንሷል።»

ተካፍለው በሉ። ዝናቡ ከጣሪያው እየተንጠባጠበ ጫማው ላይ ሲያርፍ እግሩን አልሰበሰበም።

«ወረቀት ይበሰብሳል እኮ» አላት።

«እኔስ?»

«አይቀልዱብኝ። ነገ እርስዎ ባይኖሩ የተበላሸውን ማን መልሶ ያጥበዋል? ከመቶ ዓመት በኋላ እነዚህን ሰዎች ማን ያያቸዋል?»

«ከመቶ ዓመት በኋላ ማን ይፈልጋቸዋል? የሚያውቃቸው ሰው በሚያረጅበት ፍጥነት ይደብዝዙ፤ ልኩ እሱ ነው። የአንተ ስክሪን ሟቹን እንዳያረጅ ከልክሎ ያስቀምጠዋል። እናቱ ትሞታለች፣ እህቱ ትሞታለች፣ እሱ ማንም በማያውቀው አገር እንደ መድኃኒት ቤት ምልክት ሲበራ ይኖራል። ይኼ ማስታወስ ነው?»

ኤላዲዮ መነጽሩን በሹራቡ ጠረገ። ከአክስቱ ጋር በቃል ተሟግቶ ያሸነፈበት ቀን እንደሌለ ያውቃል።

«አንድ ፊልም ይስጡኝ» አለ። «አንድ ብቻ። ማሽኑ ላይ ላሳይዎት። ከወረቀትዎ ካልበለጠ ስክሪኑን በትከሻዬ ተሸክሜ ከመጣበት እመልሰዋለሁ።»

ኦርፌሊና አሰበች። ከዚያ ተነሥታ ቤቷ ሄደችና ፖስታ ይዛ ተመለሰች፤ አርባ ሦስት ዓመት ያልተከፈተውን። ተንኮል ነበረበት፤ ምንም የሌለበትን መርጣ መስጠቷ ነው። ከባዶ ማን ምን ያወጣል?

በማግስቱ ቢሮው ሄደች። ኤላዲዮ ፊልሙን ቀድቶ ጠረጴዛው ላይ ባለው ስክሪን ከፈተው። አቤላርዶ ነው፤ አገጩ፣ ጠባሳው በግራ፣ ባርኔጣው፣ ጥላው። ኦርፌሊና ፈገግ አለች። ኤላዲዮ ግን በጣቱ አንድ ነገር ጎተተ፣ ደግሞ ጎተተ፤ ጥላው እንደ ማለዳ ጉም እየሳሳ ሄደ፤ ከሥሩም ሁለት ዓይኖች ወጡ። ቀኙ ከግራው ይበልጥ ጠቧል። እየሳቁ ነው። የሚያዩት ደግሞ ባሕሩን አይደለም፤ ፎቶ የምታነሣውን ሴት ነው።

ዓይን የለውም ስትለው የኖረችው ሰው አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ ሲያያት ኖሯል።

«አዩ፣ አክስቴ?» አለ ኤላዲዮ ቀስ ብሎ። እሱም ደንግጧል።

«ይኼን ማሽንህ አልሠራውም። ፊልሙ ላይ ነበረ።»

«እርስዎ የለም ብለው ነበር።»

«ዋሽቼ ነበር» አለች፤ «ሳላውቅ።»

ሌላ ሴት ብትሆን እዚያው ታለቅስና ቁልፉን ታስረክብ ነበር። ኦርፌሊና ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ አላለቀሰችም። ፊልሜን መልስልኝ አለችው። የሙታን ቀን አምስት ቀን ቀርቶታል፤ ፎቶዎቹን እዚያው እንደተሰቀሉ ቅዳ፣ ስክሪንህን አምጥተህ አቁም፣ ግድግዳውን ግን አትንካ፣ ሁለቱም ጎን ለጎን ይቁሙና ሰዉ ይፍረድ አለችው። አለቃ ሬምበርቶም በዚሁ ተስማማ፤ ከጸሎቱ በኋላ ሰዉን ጠይቄ እቆርጣለሁ አለ።

ወደ ቤቷ ስትመለስ የተናደደችው በማሽኑ አልነበረም። ወረቀት ዓይኑን አልደበቀባትም፤ የደበቀችው እሷ ናት። ያን ቀን እርጥቡን ፎቶ ይዛ ስትሮጥ፣ ጥላው ሥር ምን እንዳለ ማየት ፈርታ ነበር። ፍርሃቷን አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ «ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች» ስትለው ኖረች። ሰው የማይችለውን እውነት በሙያ ቃል መሸፈን ይችልበታል፤ የተማረ ሰው ደግሞ ከሁሉ ይብሳል።

የቀራት ወረቀት አሥራ አንድ ነው። ከዘር ድንቹ ጋር ቆጥ ላይ፣ በቀዝቃዛው፣ የምታኖረው አሮጌ ወረቀት። ሌላ የሚሸጥ ሰው ደሴቲቱ ላይ ከጠፋ ቆይቷል። ጓዳዋ ገብታ በሩን ቀረቀረች። ከካርቶን የጥፍር ያህል ቆርጣ ከቀጭን ሽቦ ጫፍ ላይ አጣበቀች፤ ያንን ይዛ ከባርኔጣው ሥር ያለውን ብርሃን ልትከለክል ነው። በመጀመሪያው ወረቀት ዓይኖቹ አልወጡም። በሁለተኛው ከመጠን በላይ ከለከለችና ዓይኖቹ አመድ መሰሉ፣ ገበያ የዋለ የዓሣ ዓይን። በአራተኛው ሽቦዋ ተንቀጥቅጣ ጉንጩን ለምጥ አስመሰለችው። ስድስተኛውን ቀደደች። ማሽኑ በአንድ ጣት የጎተተውን እሷ ሦስት ቀን ጎተተችው። ኤላዲዮ በበሩ ቀዳዳ፣ አክስቴ ምግብ ቀምሰዋል ወይ ሲላት፣ ሂድ ስክሪንህን ወልውል ብላ መለሰችው።

በዘጠነኛው ወረቀት ላይ አንድ ነገር ገባት። ማሽኑ ጥላውን አጥፍቶ ነው ዓይኖቹን ያወጣቸው። ጥላው ግን የእሱ ነው፤ ያ ባርኔጣ፣ ያ እኩለ ቀን የእሱ ናቸው። ጥላውን ሳትሰርቀው ዓይኑን ልትሰጠው ይገባል። አሥረኛውን አጥባ አምፖሉን ስታበራ ከሩቅ ሲታይ ጥቁር ነበር። ጠጋ ብላ አየችው። ከዚያ ተቀመጠች።

የሙታን ቀን ሰዉ ሁሉ ሻማውን ይዞ ገባ። ልማዱ የታወቀ ነው፤ እያንዳንዱ ከሟቹ ፊት ቆሞ፣ ሻማውን ወደ ፊቱ አንሥቶ፣ የዓመቱን ወሬ ይነግረዋል። ማን አገባ፣ የማን ላም ወለደች፣ የማን ጀልባ ተሰበረ። ስክሪኑ ከግድግዳው ጎን ቆሟል። እውነት ለመናገር ያምር ነበር። ሻጋታ የበላው ጆሮ ተመልሷል፣ ሹራቡ ክር በክር ይቆጠራል። ወጣቶቹ ወደ እሱ ሄዱ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩዋቸው እስኪመስል አያቶቻቸውን በስም እየጠሩ አደነቁ።

ዶኛ ዶሚቲላ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፣ ዓይናቸው ደክሟል። የልጅ ልጃቸው ይሻላቸዋል ብላ ከስክሪኑ ፊት አቆመቻቸው። ጠበቁ። ልጃቸው ሊሳንድሮ ብቅ ሲል ሻማቸውን አነሡ። የስክሪኑ መስታወት ላይ መጀመሪያ የታያቸው የገዛ ሻማቸው ነው፤ ዝቅ አድርገው ጀመሩ።

«ሊሳንድሮ፣ ልጄ፣ እንዴት ከረምክ። እህትህ ያንን ሰካራም በመጨረሻ አባረረችው። በለው! አልጋውን ሳይቀር ሽጦ ጠጥቶት...»

ፊቱ ተለወጠ። እሳቸው አላዩም፤ ቀጠሉ። የሰካራሙን እናትና አያት አንድ ባንድ አነሡ። ከኋላ ሳቅ ተሰማ፤ አንዱ ጎረምሳ ጎንበስ ብሎ በጆሯቸው፦

«ዶኛ ዶሚቲላ፣ ሊሳንድሮ እኮ አልፏል። አሁን የሚያዳምጥዎት የሰካራሙ ወንድም ነው።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የሰካራሙ ዘመዶች ሳይቀሩ ሳቁ። አሮጊቷ ግን ሻማቸውን እንደያዙ ቆሙ።

«የት ሄደ?» አሉ።

«ተራው አልፎ ነው። ሰባው ካለፉ በኋላ ይመለሳል።»

«ሃያ ዘጠኝ ዓመት ጠበቅሁት» አሉ ዶኛ ዶሚቲላ፣ «ደግሞ ሰልፍ ልቁምለት?»

ሳቁ ቆመ። ኤላዲዮ ሮጦ ስክሪኑን ነካካና ሊሳንድሮን መልሶ አቆመላቸው። አቆመው እንጂ ሰባው የት ይሂዱ? ከኋላ ሻማ ይዞ የቆመ ሰው አጉረመረመ፤ የኛዎቹስ፣ እኛስ እስከ መቼ እንቆማለን አለ። ኤላዲዮ ሊሳንድሮን እንዲያልፍ ቢተወው አሮጊቷ፣ ቢያቆመው መንደሩ ሊከፋ ነው። ሁሉም ፊት በአንድ ጊዜ የሚገኝበት፣ ማንም ለማንም ቦታ የማይለቅበት ነገር ከጎኑ ቆሟል፤ ያውም የበሰበሰ እንጨት ነው። አንዱ ሄደ፣ ሌላው ተከተለ። ልጅቷም አያቷን በክንዳቸው ይዛ ወደ ግድግዳው ወሰደቻቸው። ዶኛ ዶሚቲላ ጣታቸውን ፍሬሙ ላይ አሳርፈው ካቆሙበት ቀጠሉ፤ ስለ አልጋው።

አለቃ ሬምበርቶ ሊጠይቅ ያዘጋጀውን ጥያቄ ዋጠው። ለኤላዲዮ ያለው ይህን ብቻ ነው፤ ማዘጋጃ ቤቱ ሊረዳን ካሰበ አናጺ ይላክልን፣ ስክሪኑ ለትምህርት ቤት ይሆናል።

ኤላዲዮ ስክሪኑን አጥፍቶ ወደ አክስቱ መጣ። ኦርፌሊና አሮጌውን ፎቶ አውርዳ አዲሱን በዚያው ምስማር እየሰቀለች ነበር። ተመለከተው፤ ፊቱ ላይ ያለውን ቅሬታ አልደበቀም።

«አክስቴ፣ ዓይኖቹ እኮ አሁንም የሉም።»

«ሻማ የለህም?»

ሻማውን ሰጠችው። ከሥር፣ ከጠባሳው በኩል ቀስ ብሎ አነሣው። ባርኔጣው ባርኔጣ ሆኖ፣ ጥላውም ጥላ ሆኖ ቀረ፤ ከውስጡ ግን፣ ከጉድጓድ ውኃ ሥር እንዳለ ብልጭታ፣ ሁለት ዓይኖች ወጡ፤ ቀኙ ጠበብ ያለ። ሻማውን ዝቅ ሲያደርግ ተመልሰው ገቡ። ደግሞ አነሣ። ከሕፃን በቀር እንዲህ ያለ ነገር ሲደጋግም የታየ ሰው የለም።

«የአንተው በራሱ ብርሃን ይበራል፣ ሰው አያሻውም» አለችው። «ይኼ ብርሃን ይዞለት የመጣውን ሰው ያያል። ያልመጣለትን አያይም። ልክ ነው።»

«እሺ» አለ ኤላዲዮ። «የቀዳኋቸውን ግን አላጠፋም።»

«አታጥፋ። የዘር ድንችም ቆጥ ላይ ይቀመጣል። ግን ቆጥ ላይ ወጥቶ ድንች የሚያዋራ ሰው አይተህ ታውቃለህ?»

ሳቀ፤ ሻማዋን መልሶላት ጉንጯን ስሞ ወጣ። ሰዉም በየተራ ወጣ። ኦርፌሊና ሻማዋን ይዛ ከአቤላርዶ ፊት ቆመች። አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ በዚህ ቀን የሌሎችን ሻማ ስታበራ፣ የሌሎችን ፍሬም ስትወለውል ነው የኖረችው፤ ዓይን ለሌለው ሰው ምን ይወራለታል ብላ አንድ ቃል ነግራው አታውቅም። አሁን ከመጀመሪያው ጀመረች፤ እሱ ከመጥፋቱም በፊት፣ ራሱ ከሚያውቀው ዘመን፣ ረስቶት እንዳይሆን ብላ።

አለቃ ሬምበርቶ የተመለሰለትን ቁልፍ እያንቀጫቀጨ በሩ ላይ ቆመ።

«ዶኛ ኦርፌሊና፣ ልዘጋ ነው።»

«ገና ሠርጋችን ላይ ነኝ» አለች፣ ዞር ሳትል። «ቁልፉን እዚያ ዱካዬ ላይ ተውልኝ።»